ምዕራፍ አንድ ብቻ

ዛሬ ባሕር ዳር ኮፒ ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንድ አባትና ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባች ልጃቸው። በጠዋቱ ከዘጌ በጀልባ ነው የመጡት። የባዮሎጂ መጽሐፍ ተውሰዋል። አባት ዋጋውን ጠየቁና «ምዕራፍ አንድን ብቻ አርግልን» አሉ። ወደ ልጅቷ ዞረውም፣ «ሌላውን ቅዳሜ ጌሾ ይዤ ስመጣ እናስደርገዋለን፣ የኔ ልጅ።»

ትኩሱን ወረቀት ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጠርዙን አስተካክለው፣ እንዳይታጠፍ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

መስከረም ሲጠባ ስለ ደብተርና ዩኒፎርም እናወራለን። መጽሐፉ ግን ለሁሉም አይዳረስም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማታ ደግማ የምታነበው ከሌላት ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ወደኋላ ትቀራለች። አንጀቴን በላኝ።

ቤታችሁ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ወይም ኮፒ ያላችሁ ኢንቦክስ አርጉልኝ። መጥቼ እወስዳለሁ።