የደብተሩ ቁልል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን እንጃ። ሰማዩ ከብዷል፤ ጣናም አመድ መስሏል። ቡና ልጠጣ ብዬ በሐይቁ ዳር በእግሬ አዘገምኩ።

አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ የክፍሉን ደብተር እስከ አገጯ ቆልላ አለፈችኝ። ብቻዋን ነበረች። ቡናውም ሐይቁም ጠፋብኝ። «ት» ትዝ አለችኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። ቲቸር «ደብተሩን ሰብስበሽ ቤት አምጪልኝ» ይላታል። ጎበዝ ስለሆነች የተመረጠች መስሎን ቀንተንባታል። በሁለተኛው ሴሚስተር ዝም አለች። ከዚያ ጭራሽ ቀረች። ነገሩ ሲወጣ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ተላከ። ቲቸር በዝውውር ሌላ ወረዳ ሄደ። «ተገላገልን» ተባለ። እዚያም ዘጠነኛ ክፍል እንዳለ ማን አሰበ?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 626፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን ይቀጣል። ተበዳይዋ የአጥፊው ተማሪ ከሆነች ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች፣ ማርክ የያዘ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ገብቷቸዋል። ግን ሕጉ የሚደርሰው ከሆነ በኋላ ነው፤ ያውም ሽማግሌ ካልቀደመው።

ከመሆኑ በፊትስ ማን ያያል? ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ግቢው ይጠረግ ነበር። የትምህርት ዕቅድ ይታያል፤ ወንበር ይቆጠራል። አንዷን ልጅ ለብቻዋ ጠርቶ «እዚህ ደህና ነሽ ወይ?» ያለ ግን አላየሁም። የሃሳብ መስጫ ሳጥኑ የተሰቀለው አስተዳደሩ በር ላይ ነው። ቁልፉ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ኪስ።

መምህራንን ጠልቼ አይደለም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሴት ናት። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መምህር ሲያዛውር ፋይሉ አብሮ ይሂድ ነው የምለው። የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ እስኪጣራ ከክፍል ይውጣ። ንጹሕ ከሆነም በደንብ መጣራቱ ለእሱም ይበጀዋል። አቤቱታ የሚቀበለው ሰው ከግቢው ውጭ ይሁን፤ የአጥፊው ባልደረባ፣ የሻይ ጓደኛው አይሁን።

«ት»ን በቀደም ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች፤ ሴት ልጅ። ተሳሳምን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን፣ ተለያየን። ያኔ ቀንተንባት እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ብነግራት ይቀላታል ወይስ ይብስባታል?