ሚስማር የበዛበት ግቢ

ዛሬ ወደዚያ አሮጌ ግቢ ለሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ። የግቢው ባለቤት አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ አናጺ ነበሩ። እዚያው ግቢ ውስጥ ለዓመታት ሲመቱ፣ ሲነቅሉ፣ ሲቆርጡ ኖረዋል። መሬቱ ታዲያ ሚስማር በሚስማር ነው። ጥምዝ ሽቦ፣ የዛገ ቆርቆሮና ቆርኪም አለ። የሜታል መፈለጊያዬን አንዴ ሳወዛውዝ አምስት ስድስት ድምፅ ባንድ ላይ ይንጫጫል።

መጀመሪያ ቀን የሠራሁትን ስህተት እንዳልረሳው ልጻፈው።

ጫጫታው ሲበዛብኝ ማሽኑ ለብረት እንዳይጮህ ብረትን ዘጋሁት። ዲስክሪሚኔሽን የሚባለውን ከፍ አደረግሁ ማለት ነው። ማሽኑ ወዲያው ጸጥ አለ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ግቢው የድሮ ስለሆነ ጥሩ ነገር ቢኖር ጠልቆ ነው ብዬ ደግሞ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማሽኑ ደካማ መልስ የመስማት አቅሙን፣ እስከ መጨረሻው አወጣሁት። ትልቁን ኮይል (መሬቱ ላይ የሚወዛወዘውን የማሽኑን ክብ ራስ)፣ 28 ሴንቲ ሜትሩን፣ ገጥሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ዞርኩ። ያገኘሁት ሁለት ቆርኪና አንድ የጣሳ ቁራጭ ነው። «እዚህ ግቢ ምንም የለም» ብዬ ወጣሁ።

ያታለለኝ ያ ጸጥታ ነው።

(በአማርኛ ብረት ስንል ናሱንም መዳቡንም አብረን የምንጠራበት ጊዜ አለ። እዚህ ግን ብረት የምለው የሚዝገውን፣ ማግኔት የሚስበውን ብቻ ነው።)

ኮይሉ በሴኮንድ በሺዎች ጊዜ የሚገለባበጥ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። ከሥሩ ሜታል ካለ በሜታሉ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጅረቶች ይሽከረከራሉ፤ እነሱም በተራቸው መልስ ይሰጣሉ። ማሽኑ የመልሱን ጉልበትና መዘግየት እያየ ነው ይሄ ብረት ነው፣ ይሄ ፎይል ነው፣ ይሄ ብር ነው የሚለው። ኮይሉ ሥር ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ሲኖር ግን መልሶቹ ይደባለቃሉ። ሚስማሩ ካየለ አጠገቡ ያለው ሳንቲም አብሮ ሚስማር ይባላል። ብረትን ዘግቼ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ማሽኑ «የለም» አላለኝም። እንዳይነግረኝ የከለከልኩት እኔው ነኝ።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመተው ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ጥይቱን ለማግኘት ሜታል መፈለጊያ ሠርቶ መጣ። ድምፅ ነበር፤ ግን የጥይቱን ቦታ ለይቶ አልነገረውም። ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ስፕሪንግ ነበረው። በዚያ ላይ ዋናው ሐኪም እንዲፈልግ የፈቀደለት በቀኝ ጎን ብቻ ሲሆን ጥይቱ የነበረው በግራ በኩል ነው። ያ አልጋ ለእኔ የአባባ ግቢ ነው። ከሥር ያለው ብረት ሲያወራ የሚፈለገው ነገር ድምፅ ይዋጣል።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ግቢውን ለጊዜው ተውኩትና ቤት ሙከራ አደረግሁ። ከሥሩ ምንም እንደሌለ ያረጋገጥኩበት ባዶ መሬት ላይ አንድ ሳንቲም አስቀመጥኩ። ከግራና ከቀኝ አራት አራት ጣት አራርቄ ሁለት የዛጉ ሚስማሮች አጋደምኩ። በትልቁ ኮይል፣ ብረትን ዘግቼ፣ በላዩ አሳለፍኩ። ምንም! ሳንቲሙ ዓይኔ እያየው ያበራል፤ ማሽኑ ግን ጭጭ። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ። ሆዴ ባባ፤ በዚያ ግቢ ስንቱን ረግጬው አልፌ ይሆን?

ኮይሉን ቀይሬ 15 ሴንቲ ሜትሩን ገጠምኩ። ትንሽ ኮይል ባንድ ጊዜ የሚያየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሳንቲሙንና ሚስማሩን በየተራ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። አሁን የተቆራረጠ ድምፅ መጣ። ሪከቨሪ ስፒዱን ጨመርኩ። ይህ ማሽኑ ለአንዱ ነገር መልስ ሰጥቶ ለሚቀጥለው የሚዘጋጅበት ፍጥነት ነው። ሲጨምር ጥልቀት ትንሽ ይቀንሳል፤ ጎን ለጎን ያሉትን ግን ይለያል። በመጨረሻ የዘጋሁትን ብረት ከፈትኩትና በወፍራም ድምፅ እንዲሰማ አደረግሁት። ያኔ ነው የገባኝ። እምም... ቲክ... እምም። በሁለቱ ማጉረምረም መሃል አጭር፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለች ድምፅ። ሳንቲሙ።

ዛሬ ይህንኑ ሴቲንግ ይዤ ሄድኩ። ትንሹ ኮይል፤ ሪከቨሪ ስፒድ ከፍ ያለ፤ ብረት ክፍት ሆኖ ድምፁ ዝቅ ያለ። ሴንሲቲቪቲውን ከሙሉው ወደ ሁለት ሦስተኛ አወረድኩት። ከፍ ሲል የሩቁን ሚስማር ሁሉ ይሰበስባል፤ በቤቱ ግድግዳ ያለፈው የመብራት ሽቦም ያስጮኸዋል። ጥልቀት እንደማጣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ባለ ቦታ ከሚስማሩ አልፌ ማየት ካልቻልኩ ጥልቀቱ ምን ያደርግልኛል? ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ለማስማማት ኮይሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋል፤ እሱን ያገኘሁት በሩ አካባቢ ብቻ ነው።

ማሽኑ ላገኘው ሜታል እንደ ዓይነቱ ቁጥር ያሳያል፤ አንዳንዶች የጣሳ መክፈቻ ቀለበትና ፎይል የሚወድቁበትን ቁጥር እንዳይሰማ ቆርጠው ያወጡታል። እኔ አላደርገውም። የወርቅ ቀለበትም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ሃምሳ የጣሳ ቀለበት ብቆፍር ይሻለኛል።

እጄን የማስታገሥ ነገር አሁንም ይከብደኛል። ቀስ ማለት አለብኝ፤ ኮይሉ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ግማሽ እየደረበ። የተጣመመ ሚስማርና ጠፍጣፋ የዛገ ቆርቆሮ አንዳንዴ እንደ ብር ቀጭን ድምፅ ያወጣሉ። ስለዚህ ዞሬ በሌላው አቅጣጫ አሳልፋለሁ። ቁጥሩ ከዘለለ፣ ድምፁ ወደ ጎን ከሸሸ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። ግን ሚስማር አጠገብ ያለ ሳንቲምም ባንድ አቅጣጫ ብቻ ጥሩ ሊሰማ ይችላል። ባንዱ በኩል ከተደጋገመና ጥርት ካለ እቆፍራለሁ። የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ያለውን ሁሉ ትቼው ነው ያለፍኩት።

ከረፋዱ በኋላ ግድግዳው ሥር አንዷን አገኘሁ። እምም፣ ቲክ፣ እምም። ስዞር ጠፋች። ስመለስ መጣች። አሥር ጊዜ ያህል አሳለፍኩባት፤ አሥሩንም መለሰችልኝ። ሣሩን በአንድ በኩል ሳልቆርጥ እንደ ክዳን ገለበጥኩት። መጀመሪያ አንድ ሚስማር ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። ከስንዝር ባነሰ ጥልቀት ሦስተኛው ወጣ፤ ዝገቱ ከአፈሩ ጋር ተጋግሮ በጎኑ አንድ አረንጓዴ ነገር ይዟል። በጣቴ ፈረፈርኩት። ትንሽ የናስ ቁልፍ ናት። ጥርሶቿ አልተበሉም።

አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ወስጄ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።

«የዕቃ ሳጥኔ ቁልፍ እኮ ነው» አሉኝ። «ሳጥኑን በመሮ ሰብሬ ከከፈትኩት ስንት ዘመኑ።»

ቁልፉን ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ጉድጓዱን ደፍኜ ሣሩን መልሼ ረገጥኩት፤ ሚስማሮቹን ባልዲ ውስጥ ጨመርኩ። አንድ ሚስማር በወጣ ቁጥር ከሥሩ የተደበቀው መሰማት ስለሚጀምር ያን ቦታ እንደገና አልፍበታለሁ። ዛሬ የጨረስኩት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አይሞላም።

ልወጣ ስል አባባ በከዘራቸው ወደ ጓሮው ጥግ አመለከቱኝ። የሥራ ጠረጴዛቸው የነበረው እዚያ ነው።

«እዚያ ግን ሚስማሩ ይብሳል፣ ልጄ» አሉኝ።

«ግድ የለም አባባ፣ ነገ ከዚያ እጀምራለሁ» አልኳቸው።