ለቮልሴ ክሮም ፊልትሮ ገዝቼ የደረሰብኝ

መኪናዋ በፈረንጅ 1967 የተሰራች ቮልስ ናት፣ ባለ 1300 ሲሲ፣ አባቴ ያወረሰኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር አቁሜያት ሻይ ስጠጣ አላፊ አግዳሚው ፎቶ ያነሳታል። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር ፈላ ምናምን የሚባል ጣጣ የለባትም፣ ለድሬ ሙቀት ተብላ የተሰራች ነው የምትመስለው። ጠላቷ ሙቀቱ ሳይሆን አቧራው ነው። የኋላ ጎማ የሚያስነሳው አቧራ ዞሮ የሚገባው እዛው ሞተሩ ጋ ነው፣ የደቻቱን ወንዝ በደረቁ በአሸዋው ላይ አቋርጣችሁ የምታውቁ ይገባችኋል።

ኦሪጅናሉ ፊልትሮዋ፣ ማለትም የአየር ማጣሪያዋ፣ ባለ ዘይት ነው። ድስት የሚያክል ጥቁር ቆርቆሮ ሆኖ ታችኛው ገበታ ላይ እስከ ቀይ መስመሩ የሞተር ዘይት ይሞላበታል፣ አየሩ ቁልቁል ይገባና ዘይቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ከበድ ያለው አቧራ አብሮ መታጠፍ ስለማይችል ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ያመለጠውን ደሞ ከላይ ያለው በዘይት የራሰ ቃጫ ይይዘዋል። ወረቀት የለ፣ የሚገዛ ነገር የለ። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያኔ ለኔ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ልነካ ባልኩ ቁጥር ሱሪዬ ላይ ዘይት የሚደፋ የድሮ ኮተት ነበር። ቪዲዮ ላይ ደሞ የሰው ቮልስ ሁሉ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ፣ ክሮሙ የሚያብለጨልጭ ፊልትሮ አድርጎ አያለሁ፣ በቃ ልቤ ሄደ።

አንድ ጓደኛዬ ከዱባይ ሲመጣ አመጣልኝ። ካርቶኑ ላይ ለሁሉም ቮልስ ይሆናል ይላል። የመጀመሪያ ጥፋቴ እሱን ማመኔ ነው። የካርቡራተሩን አፍ በካሊፐር ስለካው 52 ሚሊ ሆነ፣ የፊልትሮው አንገት ግን ሰፊ ነው፣ ይወዛወዛል። እኔ ደሞ መመለስ ሲገባኝ የሳይክል ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ጠቅልዬ በፋሸታ፣ በማጥበቂያ ቀለበት፣ አጠበቅኩት። ጥብቅ አለ፣ ጨፈርኩ። ሁለተኛው ጥፋት የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ነው። ዘይት ከሚሞላበት ተነስቶ ወደ ድሮው ማጣሪያ የሚገባ ቱቦ አለ፣ አዲሱ ላይ መሰኪያ ስላልነበረው እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ምን ያመጣል ብዬ። ያመጣው በሳምንቱ ሞተሩ በዘይት ላብ ተለውሶ አቧራው በላዩ ላይ መጋገሩን ነው።

ድምፁ ግን! ቤንዚን ስትሰጧት ሻይ የሚምግ ሽማግሌ ነው የምትመስለው፣ ፉርርርት። ፈጠነች ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አሁን ሳስበው የፈጠነው ድምፁ ብቻ ነው።

ሁለት ወር ያህል እንደነዳኋት በደንገጎ ዳገት አድርጌ ሐረር ወጣሁ። ፈረስ መጋላ ጋ ቆሜ ኮፋኖዋን ከፍቼ ሞተሯ እስክትበርድ ስጠብቅ አንድ የፔጆ 404 ታክሲ የሚነዱ ሰውዬ መጡ። እነዚህ ሰዎች ፔጆዋቸውን በእጃቸው እየፈቱ እየገጠሙ ነው ያረጁት፣ ስለዚህ ሲያወሩ ዝም ብላችሁ ስሙ። «አቦ፣ ይሄን ኮፍያ ማነው ያደረገባት?» አሉኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው እየኮራሁ። «እስቲ ፍታው።» ፈታሁት። ላስቲኩ ቤንዚን ጠጥቶ እንደ ማስቲካ ላልቷል፣ ፊልትሮው ወደ አንድ ጎን ተዘንብሏል። ሰውዬው ትንሿን ጣታቸውን ካርቡራተሩ አፍ ውስጥ አዞሩና አወጧት። ጣታቸው ሽሮ የነካ ነው የሚመስለው፣ ልስልስ ያለ ቀላ ያለ አቧራ። ሸሚዜ ላይ ጠረጉትና «ሞተርህ ሁለት ወር ሙሉ ይሄን ነው የበላው ልጄ» ብለውኝ ወደ ታክሲያቸው ሄዱ። ሸሚዙ ነጭ ነበር።

አቧራ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ያው አሸዋ ወረቀት ማለት ነው፣ ፋሻውንም (የፒስተኑን ቀለበት) ሲሊንደሩንም ይፍቃል፣ ከዛ ዘይት መብላት ይመጣል፣ ከዛ ጭስ። እንደ ተመለስኩ ዘይቱን ሳልቀይር አልተኛሁም።

ግን እልኸኛ ስለሆንኩ ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ሁለተኛ ዙር የጥጥ ፊልትሮ ገዛሁ፣ ከፍ ያለ፣ አንገቱ ልክ 52፣ ለመተንፈሻው ቱቦም መሰኪያ ያለው። ከመግጠሜ በፊት አናቱ ኮፋኖውን እንዳይነካ ጭቃ አናቱ ላይ አድርጌ ዘግቼ ከፍቼ አየሁ። ደሞ አንድ መካኒክ ያሳየኝን ነገር አደረግኩ፣ ለናንተም ይጠቅማችኋል፣ ከፊልትሮው በታች ባለው የካርቡራተሩ አፍ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በጣም ስስ ግራሶ (ግሪስ) ቀቡና ነድታችሁ ተመለሱ፣ አቧራ ካለፈ ግራሶው ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። 300 ኪሎ ሜትር ነድቼ ሳየው ከክሮሙ ጋር አይወዳደርም፣ አንዳንድ ነጥብ ብቻ ነው የያዘው። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር።

የጥጥ ፊልትሮ ታጥቦ የራሱ ዘይት ይቀባል። ሲቆሽሽ አጠብኩት፣ ዘይቱን ድሬ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፣ ታይዋን ገበያንም ዞርኩ፣ ያው ዘይት ዘይት ነው ብዬ የሞተር ዘይት ቀባሁት፣ ያውም አትረፍርፌ። ወፍራም ስለሆነ ጥጡን ደፈነው። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር 1900 ገደማ፣ ከፍታው ራሱ አየሩን ያሳሳዋል፣ ፊልትሮው ደሞ ታፍኗል፣ ቤንዚኑ በዛ፣ ደንገጎ ላይ እየሳለች፣ ቆማ ሚኒሞ አልይዝ እያለች፣ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ስፈታ የከሰል ዱቄት ውስጥ የነከርኳቸው ነው የሚመስሉት። ጤነኛ ካንዴላ ፈካ ያለ ቡናማ ነው መሆን ያለበት።

ስለዚህ ወደ ድሮው። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ጥጡ ይበቃችኋል፣ ዘይቱን አብራችሁ ግዙ እንጂ። ለኛ አገር አቧራ ግን ያ ድስት የትም አይገኝም፣ እኔን ጠይቁኝ።

ችግሩ ድስቱ የት እንዳለ ነው። ክዳኑ ከነቃጫው ጓሮ ወድቆ አገኘሁት። ገበታውን ግን እማዬ የዶሮ ውሃ መጠጫ አድርጋዋለች፣ ዙሪያውን ቦይ ስላለው ለዶሮ የተሰራ ነው የሚመስለው እውነቷን ነው። በስንት ልመና አስለቀቅኳት። በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ ቃጫውን እዛው ጋዝ ውስጥ ደጋግሜ ነክሬ ፀሐይ ላይ ደፋሁት፣ ከዛ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ቀይ መስመሩ ድረስ ብቻ። ከመስመሩ በላይ ካፈሰሳችሁ ሞተሩ ይስበውና ታጨሳለች፣ እንዳትሳሳቱ። የመተንፈሻው ቱቦ ቦታው ገባ፣ ፋሸታው ያለ ላስቲክ ጠበቀ። በአስራ አምስት ቀን ስከፍተው ታች የተቀመጠው ጭቃ እንደ ሙቅ ወፍሯል፣ ግራሶው ግን ንፁህ ነው። አሁን በየአስራ አምስት ቀኑ እያየሁ ጭቃው ሲወፍር እደፋለሁ።

ለእማዬ በምትኩ የክሮሙን ክዳን ሰጠኋት። ጥልቀት የለውም፣ ዶሮዎቹ እየረገጡ ይገለብጡታል ብላ እስካሁን ትነጫነጭብኛለች።