ሰርጀሪን ትቼ ሰመመንን የመረጥኩበት መንገድ

ባሕር ዳር ሕክምና ስንማር «የምን ስፔሻሊስት ልትሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ገና የአጥንት ስም እየሸመደድን ሳለ ነው። የእኔ መልስ ሰርጀሪ ነበር። እስከ ኢንተርንሺፕ ድረስም አልቀየርኩትም።

በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም፣ አዴት መንገድ ላይ ባለው ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም ስንዞር፣ ማታ ማታ አንድ ነገር እጽፍ ነበር፦ ዛሬ ማንም ሳያዘኝ ተመልሼ ያየሁት በሽተኛ ማን ነው? ይህን ያደረግኩት የወደድኩት ሙያውን ይሁን አስተማሪውን መለየት ስላስቸገረኝ ነው። ጎበዝና ደግ ሲኒየር ያለበት ዋርድ ሁሉ ያስወድዳል። ደብተሬን ሳገላብጥ ግን ከኦፕሬሽን ክፍል የመዘገብኩት በአብዛኛው ስለ ትንፋሽና ስለ ደም ግፊት ሆኖ አገኘሁት።

ከዘጌ በኩል የመጣች አንዲት እናት በኦፕሬሽን ልትወልድ ገባች። ስፓይናል፣ ማለትም ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ፣ ተወግታ እንደተጋደመች «ዶክተር፣ አቅለሸለሸኝ» አለች በቀስታ። ሰመመን ሰጪው ማሽኑ ግፊቷን እስኪለካ አልጠበቀም። ስፓይናል የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ግፊት ይወርዳል፤ ማቅለሽለሹ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ቀድሞ ይናገራል። ማሕፀኗ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫን ጠረጴዛውን ወደ ግራዋ አዘነበለ፣ ፈሳሹን ለቀቀ፣ መድኃኒት ጨመረ። «አይዞሽ እህቴ፣ አሁን ይለቅሻል» አላት። ለቀቃትም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ክፍሉ በሙሉ ወደ ሕፃኑ ዞረ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከእናትየው ፊት አልነቀለም። ጣቷ ላይ የተሰካው መለኪያ ኦክስጅን ሲቀንስ ድምፁ ስለሚወፍር፣ ጀርባውን ሰጥቶ መድኃኒት ሲቀዳ እንኳ በጆሮው ይከታተላት ነበር። ያን ሥራ አጥብቄ ተመኘሁት።

ምኞት ብቻውን ስለማይበቃ የሌሊት ዲውቲ እየጠየቅኩ አብሬያቸው አደርኩ። ቀን የሚያስደስት ሥራ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ መልክ አለው፤ እኔን ግን ያን ጊዜም ይስበኝ ነበር። ሬዚደንቶቹን፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑትን ሐኪሞች፣ ስለ ገቢያቸውና ስለ ቤተሰብ ኑሯቸው በግልጽ ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ የሚያፍርበት ተማሪ ብዙ ነው፤ ማፈር የለበትም።

አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ክሊኒክ መክፈት አይቻልም ማለት ነው?» እውነቱን ነገርኩት። እንደ ውስጥ ደዌ ሐኪም በር ከፍቶ በሽተኛ መቀበል አስቸጋሪ ነው፤ ሥራህ በሰርጀኑ፣ በማሽኑና በኦክስጅኑ ላይ የቆመ ነው። በሽተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ስምህን አያውቅም። በሌላ በኩል በአገራችን ሰመመን የሚሰጡት በብዛት ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ በዘርፉ ስፔሻሊስት የሆነ ሐኪም ጥቂት ነው። ሰርጀሪ ይስፋፋ ስንል ይህም አብሮ መስፋፋት አለበት። አባቴ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው የሚያስፈልገው እዚያ ነው» አለኝ።

ስፔሻሊስት ለመሆን የሚፈጀውን የሥልጠና ዓመት ርዝመት ብዙ አልመዘንኩትም። የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሕክምና 3 ዓመት፣ የማሕፀንና ጽንስ 4 ዓመት ይፈጃል፤ ለዕድሜ ልክ ሥራ የአንድ ዓመት ልዩነት ትንሽ ነው። ይልቅ ሁለተኛ ምርጫ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ምደባው በፈተና ውጤትና ባለው ቦታ ስለሚወሰን፣ ሁለተኛው ቢደርሰኝም በደስታ የምገባበት መሆን ነበረበት። የእኔ ሁለተኛ የሕፃናት ሕክምና ነበር፤ ፎርሙን ከመሙላቴ በፊት እዚያም ሌሊት አድሬያለሁ።