የሲሊንደር ሆድ መስታወት አይደለም

ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ ወዳለችው ጋራዣችን አንድ የአይሱዙ ሞተር ተፈትቶ መጣ። ባለቤቱ አሸዋ የሚያመላልሱ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሾፌር ናቸው። «ዘይት ይበላል» አሉኝ። ከሦስት ወር በፊት ሌላ ቦታ ፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት፣ ተቀይሮላቸው ነበር።

ባትሪ አብርቼ ሲሊንደሩን ወደ ውስጥ አየሁት። ፊት ያሳያል።

«አየህ ልጄ፣ እንዴት ነው የሚያበራው!»

«ጋሼ፣ ያስቸገረዎት እሱ ነው።»

አንድ ሰው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ታች እያለ አለስልሶታል። አዲስ ፋሻ እንደዚህ በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አይቀመጥም። ግድግዳው ዘይት የሚይዝበት ቀጫጭን ጭረት ይፈልጋል። ሆኒንግ የምንለው ሥራ ለዚህ ነው። ሦስት ድንጋዮች በስፕሪንግ ወደ ውጭ እየገፉ በድሪል ቀስ ብለው ይዞራሉ። እጅህ ደግሞ ሳያቋርጥ ላይ ታች ይላል። ያኔ ጭረቶቹ እንደ ሽቦ አጥር ይጠላለፋሉ። እጅህ ከዘገየ ይተኛሉ፣ ከፈጠነ ይቆማሉ። እኔ 45 ዲግሪ አካባቢ እንዲቋረጡ ነው የምሠራው። እየዞረ አንድ ቦታ ከቆመ ግን ሲሊንደሩን ይበላዋል።

ሁሉም ቀዳዳ ግን ጭረት አይፈልግም፤ በወተት ፋብሪካ ወተት የሚያልፍበት ቱቦ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ጭረት ጠላት ነው፤ ወተት ይደበቅበታል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። የውስጡ ሸካራነት በአማካይ ከ0.8 ማይክሮሜትር እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ቀጥ ያለውን ስቴንለስ ቱቦ በረጅም ዘንግ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለን፣ ከሻካራው ወደ ደቃቁ፣ በ120፣ በ180፣ በ240 ቁጥር እያከታተልን እንወለውላለን። ቁጥር ከዘለልክ የፊተኛው ጭረት ከሥር ይቀራል። ዘንግ ለማይገባበት ጠማማ ቀዳዳ፣ በትልልቅ ፋብሪካዎች፣ ደቃቅ መፋቂያ የተቦካበት ሊጥ መሰል ነገር በሁለት ፒስተኖች መካከል ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ሊጡ ባለፈበት ሁሉ ግድግዳውን ይፍቃል። በጣም የምወደው ዘዴ ነው፤ አንድ ቀን በእጄ ብሠራበት ደስ ይለኛል።

ወደ አይሱዙው ልመለስ። ሆኒንግ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው በቤንዚን አጥቦ ይገጥማል። ይሄ ያሳዝነኛል። ቤንዚን ዘይቱን ይወስዳል እንጂ የድንጋዩን ደቃቅ ከጭረቱ ውስጥ አያወጣም። ያ ደቃቅ አዲሱን ፋሻ ይጨርሰዋል። የሚያወጣው ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ብሩሽ ነው።

ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነጭ ጨርቅ ያቀብሉኝ ነበር። ሦስተኛው ግራጫ ሆኖ ወጣ። እንደገና አጠብኩት። አራተኛው ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ዝገት ሳይቀድመኝ ወዲያው ዘይት ቀባሁት።