ገጽ 83 ላይ ያለችው ጣት የኔ ናት

ገጽ 83 ላይ በግራ በኩል ገባ ብላ የምትታየው አውራ ጣት፣ በር ጨፍልቋት ጥፍሯ የጠቆረችው፣ የኔ ናት። እሷን ካያችሁ የምታነቡት እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት በስልኬ ስካን አድርጌ ቴሌግራም ላይ የለቀቅኩትን መጽሐፍ ነው። ስሙን አልጠቅስም፣ ከጠቀስኩት ፒዲኤፉን የሚፈልገው ሰው ይብሳል።

አሰራሩ ቀላል ነው። መጽሐፉን ገዛሁ፣ ሁለት ማታ ተቀምጬ ስካን አደረግኩ፣ ለቀቅኩ። ያኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነበርኩ፣ አዲስ አበባ የወጣ መጽሐፍ ጎንደር እስኪደርስ ወሩ ያልቃል፣ ፒያሳ መጽሐፍ ቤት ገብተህ ስትጠይቅ «አልቋል» ነው መልሱ፣ ስለዚህ በጎ አድራጊ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ። «ተባረክ ወንድሜ» የሚል ኮመንት ይጎርፋል፣ ከስሩ ያቺ ስንት ሰው እንዳየው የምትቆጥረው የአይን ምልክት አራት ሺህ አለፈች፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከዛ አንድ ቀን ሃንድአውት ላስወጣ ፎቶ ኮፒ ቤት ስገባ መጽሐፉ በስፓይራል ተጠርዞ ተደርድሯል፣ 120 ብር። ገለጥኩት። ጣቴ! የሚያሳፍረው ደግሞ መጀመሪያ የተናደድኩት «ስራዬን ሰረቀኝ» ብዬ መሆኑ ነው፣ ሁለት ማታ የደከምኩበትን እኮ ይሸጥብኛል። ልጁን ከየት አመጣኸው ስለው ሳያፍር «ከቴሌግራም፣ አንተስ ከየት አምጥተኸው ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ቻናሌ ላይ ያለውን አጠፋሁት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን አንዴ አውርደው ራሳቸው ቻናል ላይ የጫኑትን አንተ ስላጠፋህ አይጠፋም፣ ይሄን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ! ስቆጥር ዘጠኝ ቻናል ላይ አገኘሁት። አድሚኖቹን አንድ በአንድ ለመንኩ። አንዱ ብሎክ አደረገኝ፣ አንዱ «መጀመሪያ የለቀቅከው አንተ አይደለህ እንዴ» አለኝ፣ አንዱ ደግሞ ለማጥፋት ብር ጠየቀኝ። ለቴሌግራም ሪፖርት ላድርግ ስል፣ የኮፒራይት አቤቱታ የሚቀበሉት ከባለመብቱ ወይ እሱ ከወከለው ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሰራሁት፣ ደራሲው ጋ መሄድ ሲገባኝ ፈርቼ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር። መጀመሪያ ቀን ሃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። ሁለተኛ ቀንም ስብሰባ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ በስልኬ አነበብኩት፣ የደራሲ መብት እድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት እንደሚቆይ ያወቅኩት እዛ ወንበር ላይ ነው። እኔ እኮ ቻናሌ ላይ «ያረፉ ደራሲያን ችግር የለውም» እያልኩ ነበር የምለቀው! ሐዲስ አለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው፣ ሂሳቡን ስሩት፣ ገና 2046 ድረስ ነው። በሶስተኛው ቀን ሃላፊው ተገኙ። አስረዳሁ። ሰሙኝ ሰሙኝና «ቆይ፣ አንተ ራስህን ልትከስ ነው የመጣኸው?» ብለው ሳቁ፣ ጎን ያለውን ሰውዬ ጠርተው ድጋሚ አስወሩኝ፣ ሁለቱም ሳቁ። በመጨረሻ «ባለመብቱ ይምጣ»። ይቺን ለማለት ሶስት ቀን! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ደራሲው ለካ እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ጨርቅ የለበሰ መደብ ነገር ላይ አስቀመጡኝ፣ ቡና እየተፈላ ነው፣ እኔ ደግሞ ከየት ልጀምር እያልኩ ጨርቁን ስነካካ ከስሩ ካርቶን ነው። የተቀመጥኩት መጽሐፋቸው ላይ ነው። አንድ ሺህ ኮፒ በዕቁብ ብር አሳትመው ግማሹ አልተሸጠም።

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዛ «ስንት ሰው አየው?» አሉኝ፣ «አራት ሺህ ምናምን ጋሼ» አልኳቸው። «አራት ሺህ» ብለው ፊታቸው ሊፈካ ሲል መልሶ ጠቆረ። ቀጥለው የጠየቁኝን ግን አልረሳውም፣ «ገጽ 112 ላይ ማተሚያ ቤቱ የገደፋት ቃል አለች፣ እሷም እንዲሁ ሄደች?»

ሄዳለች ጋሼ።

ውክልናውን ፈረሙልኝ፣ ለቴሌግራም በኢሜይል ላክን፣ አራቱ ቻናል ላይ ተነሳ፣ ሁለቱ በሌላ ስም ተመልሰዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ ደራሲው ጋ ሂዱ፣ ቢሮው ይቆይ። የውጭ ቴክስትቡክ ከሆነ ግን አልዋሽም፣ ዋጋው የወር ደሞዝ የሚበልጠውን አሁንም አወርዳለሁ፣ ሁለቱን እኔ እለያቸዋለሁ፣ የፈለገ ይውቀሰኝ። በራሱ ብር ያሳተመ የአገሬን ሰው መጽሐፍ ግን ብሞትም አልለቅም።

ስወጣ «አንተ ልጅ፣ ባዶ እጅህን አትሂድ» ብለው አንድ ካርቶን አሸከሙኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ይዤ እቆማለሁ፣ እስካሁን 61 ሸጫለሁ፣ ብሩን በቴሌብር እልክላቸዋለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ 350 ብሯን ቆጥራ ልትሰጠኝ ስትል አንድ አላፊ አግዳሚ ቆም ብሎ ሽፋኑን አየና «እህቴ ብርሽን ምን አስወጣሽ፣ ሶፍት ኮፒው እኔ ጋ አለ፣ ልላክልሽ?» አላት። ስልኩን ከፍቶ ሲያሳያት አንገቴን አስግጌ አየሁ፣ ገጽ 83 አካባቢ ደርሷል።