ፈታኙ «ራይት» ሲለኝ

አዲስ አበባ ስምንት ዓመት መኪና ነድቻለሁ። የመገናኛን ግርግር፣ ሳያስቡት ፊት የሚገባውን ሚኒባስ፣ የክረምቱን ጎርፍ ሁሉ አሳልፌያለሁ። አሜሪካ መጥቼ በመጀመሪያው የመንገድ ፈተና የወደቅኩት መንዳት አቅቶኝ አይደለም፤ በአንዲት አጭር ቃል ነው። ያኔ ማንም አላስጠነቀቀኝም። ቢነገረኝ ኖሮ ያን ያህል ባልተጎዳሁ ነበር፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሐበሻ ስለሚበዛ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ወረቀቶቼን አሟላሁ፣ ዓይኔን ተመረመርኩ፣ የጽሑፉን በአንድ ጊዜ አለፍኩ። የአክስቴ ልጅ እሁድ እሁድ በራሱ መኪና አለማመደኝ። በሁለት መኪና መሀል ማቆም ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ እሱም ተስተካከለ።

ፈታኙ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ጉልበቱ ላይ ወረቀቱን አስቀምጦ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ ብዙም አያይም። አሥር ደቂቃ ያህል ጥሩ ሄድን። ከዚያ አንድ መብራት ጋ ቀይ ያዘን። በግራው ረድፍ ነበርኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ ወደ ግራ ታጠፊ አለኝ። ፍሬቻዬን ወደ ግራ አበራሁ። ግን እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ። ሁሉም ሰው የመከረኝ ይህንኑ ነበር፦ ካልሰማሽ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነጥብ አያስቀንስም። ጠየቅኩ።

«ሌፍት?»

«ራይት» አለኝ።

ፍሬቻው ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማኛል። መጀመሪያ የሰማሁት ተሳስቼ ነው አልኩ በሆዴ። ፍሬቻውን ወደ ቀኝ ቀየርኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከግራው ረድፍ ተነስቼ፣ የቀኙን ረድፍ አቋርጬ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። በቀኜ የመጣው ነጭ መኪና ፍሬን ሲይዝ ጎማው ጮኸ። የክላክሱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ፈታኙ በሁለት እጁ ዳሽቦርዱን ያዘ።

«ሌፍት! አይ ሴድ ሌፍት!»

«ዩ ሴድ ራይት» አልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሱ ያለው «ልክ ነሽ» ነው። እኔ የሰማሁት «ቀኝ» ነው። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ቢሮው ተመልሰን መኪናውን አቆምኩ። ጽፎ ሲጨርስ «ኦል ራይት» አለኝ። ለአንድ አፍታ ያለፍኩ መሰለኝ። ለካ «እሺ፣ በቃ» ማለቱ ነው። ወረቀቱን ሳየው ወድቄያለሁ። ላስረዳው ሞከርኩ። አቅጣጫ መሳሳትሽ አይደለም የጣለሽ አለኝ፤ ሰው ላይ መግባትሽ ነው፣ ቅድሚያው የነጩ መኪና ነበር። ቅድሚያን የጠራበት ቃል ደግሞ «ራይት ኦፍ ዌይ» ነው። እዚያም ራይት!

ዛሬም ሲነሳ ያናድደኛል። ከየአገሩ የመጣ ሰው ሲፈትን የሚውል ሰው «የስ» ወይም «ኮሬክት» ማለት ምን ይከብደዋል? በራሴም እናደዳለሁ። ስምንት ዓመት የነዳ ሰው ፈታኝ ስላዘዘው ብቻ መስታወቱን ሳያይ አይታጠፍም። በዚያ ነጭ መኪና ውስጥ ሕፃን ቢኖርስ ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ።

ልጄ እዚህ ነው ያደገችው። ስነግራት አልገረማትም። «እማ፣ ሁሌ እኮ እንደዛ ነው የምንለው» አለችኝ። ያን ማታ ደብተር አውጥቼ አብረን ጻፍን። ቀኝ፣ ልክ፣ መብት። «ራይት ናው» አሁኑኑ፣ «ራይት ሂር» እዚሁ። በጥያቄ ድምፅ መጨረሻ ላይ ሲመጣ «አይደል?» ነው። መሪ ለያዘ ሰው ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ይሄ ነው፦ «ራይት አፍተር ዘ ብሪጅ፣ ሜክ ኤ ሌፍት።» ድልድዩን እንዳለፍሽ ወደ ግራ ታጠፊ ማለት ነው። ቀኝ የሚባል ነገር የለበትም። «ጎ ራይት ስሩ ዘ ላይት» ቢሉሽ ደግሞ መብራቱን ቀጥ ብለሽ እለፊ ነው።

አንድ ቃል እንዴት ቀኝም ቀጥታም ይሆናል? መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነው የገባኝ። የጥንቱ የእንግሊዝኛ ቃል «ሪህት» መነሻው ቀጥ ያለ ማለት ነበር። ቀጥ ያለው ልክ ሆነ፣ ለሰው በልኩ የሚገባው ደግሞ መብት ሆነ። ቀኝ እጅ በዚህ ቃል መጠራት የጀመረው ቆይቶ ነው፤ ቀድሞ «ብርቱው እጅ» ይባል ነበር። እኛም ዘንድ ቀኝ የመልካም ነገር ነው። እናቴ ስትሸኘኝ «በቀኝ ያውልሽ» ትለኛለች። ግን ቀኝን፣ ልክንና መብትን በሦስት ቃል ለይተን ነው የያዝናቸው። መንገድ ላይ «ራይት» ሲባል የኔ ጭንቅላት ቀድሞ ቀኝን ነው የሚያመጣው።

ስለዚህ የኔ ምክር ከቢሮዎቹ ይለያል። እነሱ በምትችሉት ቋንቋ ተፈተኑ ይላሉ። እኔ ግን እንግሊዝኛ ትንሽም የምትሞክሩ ከሆነ የጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ውሰዱት እላለሁ። በአማርኛ «ቅድሚያ» ብላችሁ አጥንታችሁ መንገድ ላይ የሚጠብቃችሁ «ራይት ኦፍ ዌይ» ነው። በአራቱም በኩል የማቆሚያ ምልክት ባለበት መስቀለኛ ሁለት መኪና እኩል ከደረሰ፣ «ዘ ካር ኦን ዘ ራይት ሃዝ ዘ ራይት ኦፍ ዌይ» ይላል ሕጉ። የመጀመሪያው ራይት ቀኝ፣ ሁለተኛው ቅድሚያ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳትደናገሩ እስክትሰሙት ድረስ ቀጠሮ አትያዙ።

«ካልሰማሽ ጠይቂ» የሚለውም ለብቻው አይበቃም። «ሌፍት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ራይት ሊሆን ይችላል። «ዊች ዌይ?» (በየት በኩል?) በሉ፣ በእጃችሁም አሳዩ። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ለፈታኙ «ልክ ነሽ ለማለት የስ በለኝ» ብላችሁ ንገሩት። ነውር የለውም። ከተምታታባችሁ ደግሞ የያዛችሁት ረድፍ ወደሚወስዳችሁ ሂዱ። የተሳሳተ መንገድ በሰላም ከሄዳችሁበት መመለሻ አለው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የደረሰችኝ ሴት ፈታኝ ነበረች። ሳልነሳ ነገርኳት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ በኋላ አቅጣጫውን ሁሉ በእጇ ጭምር ታሳየኝ ነበር። ቢሮው ጋ ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ። ስትጽፍ ቆየችና «ኦል ራይት» አለች። ወረቀቱን ተቀብዬ «አልፋለች» የሚለውን እስካነብ ድረስ ቀበቶዬን አልፈታሁም።